ዳግማዊ ራስ አሊ፡- በየጁ ምድር የተደመደመ የዘመነ መሳፍንት ታሪክ

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 521 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የምትገኘው የወልድያ ከተማ፣ ከእርሷ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዋናው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር የተቆረቆረችው መርሳ እንዲሁም በዙሪያቸው የተዘረጋው የሀብሩና የጉባ ላፍቶ ምድር በጥንቱ አጠራር የጁ በሚል ስም ይታወቃሉ። በሰሜን የአላውሃ ወንዝ፣ በደቡብ የሚሌ ወንዝ፣ በምሥራቅ የአፋር ቆላ የሚያዋስኑት ይህ አካባቢ ደጋውን ከቆላው፣ የግራኙን ነጋዴ ከቀኙ ገበሬ ሲያገናኝ የኖረ መተላለፊያ ነው።

ዛሬ በዚህ ጎዳና ወደ መቀሌ ወይም ወደ ደሴ የሚያልፍ መንገደኛ የመርሳን ፍራፍሬ ገዝቶ፣ በወልድያ ምሳ በልቶ መንገዱን ይቀጥላል። ይሁንና ከ1776 እስከ 1845 ዓ.ም. ድረስ ለሰባ ዓመታት ያህል በጎንደር የሚነግሡትንና ከዙፋን የሚወርዱትን ነገሥታት የሚወስኑ እንደራሴዎች የወጡት ከዚሁ ምድር መሆኑን የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። የእነዚህ እንደራሴዎች የመጨረሻው በታሪክ ዳግማዊ ራስ አሊ ወይም ራስ አሊ አሉላ በመባል የሚታወቁት መስፍን ናቸው።

የራስ አሊ ሕይወት የተጻፈው በአብዛኛው ድል ባደረጓቸው ወገኖች ብዕርና በሩቅ አገር ተጓዦች ማስታወሻ ነው። በየጁ ግን የመሳፍንቱ ዘመን የሚታወሰው በትውልድ ቆጠራ፣ በቦታ ስምና በአረጋውያን ትረካ ነው። በመሆኑም የእኚህን ሰው ታሪክ መመርመር የአካባቢ ታሪክ እንዴት እንደሚጠበቅና ካልተጠበቀም እንዴት እንደሚጠፋ ለመረዳት ይጠቅማል።

የየጁ መሳፍንት የዘር ሐረግ መነሻ ተደርገው የሚቆጠሩት አባ ሴሩ ጓንጉል ናቸው። ልጃቸው አሊ ጓንጉል፣ በኋላ ታላቁ አሊ የተባሉት፣ በ1776 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን በአፋራ ዋናት ጦርነት ድል አድርገው የቤተ መንግሥቱን ሥልጣን በእጃቸው አስገቡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱ በጎንደር ግምብ ውስጥ በስም ሲቀመጥ፣ ሠራዊቱንና ግብሩን የሚያዘው ከየጁ የመጣው ራስ ሆነ። ከታላቁ አሊ በኋላ ሥልጣኑ በወንድምና በእህት ልጅ እየተላለፈ ከራስ ጉግሣ ደረሰ። ራስ ጉግሣም እስከ 1817 ዓ.ም. ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በመግዛት ደብረ ታቦርን የየጁ መሳፍንት ዋና መቀመጫ አደረጓት።

ራስ ጉግሣ ሲሞቱ ልጆቻቸው ራስ ይማም፣ ራስ ማርዬና ራስ ዶሪ በተከታታይ ሥልጣኑን ያዙ። ራስ ማርዬ በ1823 ዓ.ም. ከትግራዩ ገዥ ከደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋር በደብረ ዓባይ በተደረገው ጦርነት ወገናቸው ድል ቢያደርግም እርሳቸው በጦር ሜዳ ወደቁ። ወንድማቸው ራስ ዶሪም በዚያው ዓመት ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። የተስማማ አዋቂ ወራሽ ባለመገኘቱ የየጁ መኳንንት ፊታቸውን ወደ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አዞሩ። ይህ ልጅ የራስ ጉግሣ የልጅ ልጅ አሊ አሉላ ነበር።

አሊ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ እንደሆነ ይገመታል። አባታቸው ደጃዝማች አሉላ የራስ ጉግሣ ልጅ ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን የወሎው ባላባት የኢማም ሊበን አመዴ ልጅ ነበሩ። በዚህም ምክንያት በሕፃኑ ደም ውስጥ ሁለት ታላላቅ ቤቶች ተገናኝተዋል። አንደኛው ክርስትናን ተቀብሎ በጎንደር ቤተ መንግሥት የተተከለው የየጁ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው በእስልምና እምነቱ ጸንቶ ወሎን የሚገዛው የወረ ሂመኖ ቤት ነው። ይህ ጥምረት ለወጣቱ ራስ ከጀርባቸው ሰፊ የጦር ኃይልና የዘመድ ድጋፍ አስገኝቶላቸዋል። በዚያው መጠን ደግሞ ጠላቶቻቸው በእምነታቸው ላይ ጥርጣሬ እንዲነዙ በር ከፍቷል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገሩን በልጁ ስም ያስተዳደሩት የየጁ መኳንንትና እናታቸው መነን ነበሩ። መነን ብልህና ለሥልጣን የሚተጉ ሴት እንደነበሩ ታሪክ ይመሰክራል። የጎንደሩን ንጉሥ ዐፄ ዮሐንስ 3ኛን አግብተው እቴጌ ለመባል የበቁ ሲሆን፣ የደምቢያንና የአካባቢውን ግዛት በራሳቸው ጦር ያስተዳድሩ ነበር። ራስ አሊ ለአቅመ አዳም ደርሰው ሥልጣኑን በእጃቸው ካስገቡ በኋላም ቢሆን የእናታቸው ቃል በደብረ ታቦር ከብዙ አማካሪዎች ቃል በላይ የሚሰማ ነበር። ይህም ኋላ ላይ ለደረሰባቸው ውድቀት አንዱ ምክንያት እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ።

በራስ አሊ ዘመን የአገሪቱ ካርታ እንደ ተቀዳደደ ብራና ነበር። እርሳቸው በጌምድርን በቀጥታ ሲያስተዳድሩ፣ ሰሜንንና ትግራይን ደጃዝማች ውቤ፣ ዳሞትና ጎጃምን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና ልጃቸው ብሩ ጎሹ ይዘዋል። ሸዋ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሥር በራሱ ይተዳደር ነበር። እያንዳንዱ መስፍን የራሱ ሠራዊት፣ የራሱ ግብርና የራሱ ኬላ ነበረው። ነጋዴ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር በየበሩ ቀረጥ ይከፍላል፤ ገበሬው ደግሞ የሚያልፈውን ጦር ሁሉ ይቀልባል። የራስ አሊ የበላይነት የቆመው መሳፍንቱ እርስ በርሳቸው ባለመስማማታቸው ላይ እንጂ ሁሉንም በሚያዝ አንድ ሥርዓት ላይ አልነበረም።

ይህ ደካማ ሚዛን በ1834 ዓ.ም. ተፈተነ። ደጃዝማች ውቤ ከአንድ ዓመት በፊት ከግብፅ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ከጎናቸው አሰልፈውና ከብሩ ጎሹ ጋር ተባብረው ወደ ደብረ ታቦር ዘመቱ። በጦርነቱ የራስ አሊ ጦር ተፈታ፤ ራስ አሊም ከሜዳው ሸሹ። የውቤ ሠራዊት ድሉን በማክበር ላይ ሳለ ግን ከየጁ መሳፍንት ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሰው ውቤን በድንኳናቸው ውስጥ ማረኳቸው። የተሸነፈው ወገን በአንድ ቀን ውስጥ አሸናፊ ሆነ። የአገሩ ሰው ከዚያ በኋላ ራስ አሊ ምርኮኛቸውን ምን ያደርጓቸው ይሆን ብሎ ሲጠብቅ፣ እርሳቸው ካሣ ተቀብለው ውቤን ወደ ግዛታቸው መለሷቸው። ይህ ውሳኔ የርኅራኄያቸው ምልክት ተደርጎ ሲነገር፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጠላትን በጊዜው ያለመቋጨት ድካማቸው ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል።

በዘመኑ አገሪቱን የጎበኙ አውሮፓውያን ስለ ራስ አሊ የተዉት ማስታወሻ በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ኮምብና ታሚዚዬ የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን፣ ለዓመታት በኢትዮጵያ የኖሩት ወንድማማቾቹ አንቷንና አርኖ ዳባዲ፣ እንዲሁም እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውደን ስለ እርሳቸውና ስለ ዘመናቸው ጽፈዋል። ከእነዚህ ጽሑፎች የሚታየው ሰው ለፈረስና ለጉግስ ልዩ ፍቅር ያለው፣ ለጋስ፣ ከወታደሩ ጋር እንደ እኩያ የሚቀመጥ፣ በቂም የማይጸና፣ ነገር ግን ለመወሰን የሚዘገይ መስፍን ነው። ደም ማፍሰስ በበዛበት ዘመን እጃቸው ለቅጣት የማይፈጥን መሆኑ ከብዙዎቹ ባላንጣዎቻቸው ይለያቸዋል።

ከውጭ መንግሥት ጋር ያደረጉት ግንኙነትም ይህንኑ ጠባያቸውን ያሳያል። ፕላውደን የእንግሊዝ ቆንስል ሆነው ከተሾሙ በኋላ በ1842 ዓ.ም. ከራስ አሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል። ቆንስሉ ራሳቸው እንዳሰፈሩት፣ የውሉ አንቀጾች በሚነበቡበት ወቅት የራሱ ልብ ከወረቀቱ ይልቅ ወደ ፈረሶቻቸው ያዘነበለ ነበር። ጉዳት የሌለው ነገር መሆኑን ተረድተው ቢስማሙም፣ አንድም የእንግሊዝ ነጋዴ ወደ አገራቸው ይመጣል ብለው እንደማያምኑ አልሸሸጉም። የባሕር በሩ ምፅዋ በቱርኮች እጅ በነበረበትና መንገዱ በየመስፍኑ ኬላ በተዘጋበት በዚያ ዘመን ይህ ግምታቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም። ውሉም በተግባር ሳይተረጎም ቀርቷል።

የራስ አሊን ዕድል የለወጠው ኃይል የመጣው ማንም ካልገመተው አቅጣጫ ነው። በቋራ የሸፈቱት ካሣ ኃይሉ በቆላው ጦር አሰባስበው ሲበረቱ፣ ራስ አሊና እቴጌ መነን በጋብቻ ሊያስሯቸው አሰቡ። በመሆኑም የራስ አሊ ልጅ ወይዘሮ ተዋበች ለካሣ ተዳሩ። ጋብቻው ግን በሁለቱ ቤቶች መካከል የታሰበውን ሰላም አላመጣም። ካሣ በእቴጌ መነን ዘንድ ንቀት እንደደረሰባቸው በመቁጠር እንደገና ሸፍተው በ1839 ዓ.ም. ደምቢያን ያዙ፤ እቴጌይቱንም ማረኩ። ራስ አሊ እናታቸውን ለማስለቀቅ የካሣን ግዛትና ማዕረግ ለማጽደቅ ተገደዱ። ተዋበች በበኩሏ በአባቷና በባሏ መካከል ቆማ ለባሏ ያደላች መሆኗ በዘመኑ ዜና መዋዕል ተመዝግቧል።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ካሣ የራስ አሊ ታዛዥ ሆነው ቆዩ። በ1844 ዓ.ም. ግን ግንኙነቱ ዳግም ተበጠሰ። ራስ አሊ የካሣን ግዛት ለደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሰጥተው እንዲወጓቸው ቢልኳቸውም፣ ጎሹ በኅዳር ወር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ጦርነት ድል ሆነው ተገደሉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በጣቁሳ አካባቢ በተደረገው ጦርነት የራስ አሊ ጦር እንደገና ተሸነፈ። ካሣ ወደ ደብረ ታቦር ገሥግሠው የየጁ መሳፍንትን መቀመጫ አቃጠሉ። የመጨረሻው ፍልሚያ የተደረገው በሰኔ ወር 1845 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም በአይሻል ሜዳ ላይ ነው። የራስ አሊ ፈረሰኛ ጦር በጀግንነት ቢዋጋም ድሉ የካሣ ሆነ። ካሣ ከዚህ ድል ሁለት ዓመት ሳይሞላ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ ዘመነ መሳፍንትም አበቃ።

ራስ አሊ ከአይሻል ሲያመልጡ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ አራት ዓመት ገደማ ነበር። ሥልጣን ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይተዋል። ሽሽታቸው በመጨረሻ ያደረሳቸው ወደ አባቶቻቸው ምድር ወደ የጁ ነው። የታሪክ መጻሕፍት የሚያጥሩት እዚህ ላይ ነው። አገሪቱን ለሁለት አሥርት ዓመታት የገዙት ሰው ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ መኖራቸውና በ1850ዎቹ መጨረሻ በየጁ ማረፋቸው በአንድና በሁለት መስመር ብቻ ይጠቀሳል። ሠራዊቱ ተበትኖ፣ ልጃቸው ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አርፋ፣ አማቻቸው ንጉሠ ነገሥት ሆነው ወሎን ደጋግመው ሲዘምቱበት፣ የቀድሞው እንደራሴ በዘመዶቻቸው መካከል በዝምታ ኖረው አለፉ።

ይህ ዝምታ የራሱ ምክንያት አለው። የዳግማዊ ቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉት ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ትኩረታቸው አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ነበሩ። በእነርሱና በተከታዮቻቸው ትረካ ራስ አሊ የሚገቡት የሚሸነፉ ሰው ሆነው ነው። የውጭ ተጓዦቹም መስፍኑን ያዩት በደብረ ታቦር ሥልጣን ላይ ሳሉ እንጂ በየጁ በስደት ሳሉ አይደለም። በመሆኑም የሕይወታቸውን የመጨረሻ ምዕራፍ ሊተርክ የሚችለው የአካባቢው ሕዝብ ትውስታ ነው።

በየጁ እንዲህ ያለው ትውስታ የሚተላለፍባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ቤተሰብ በሠርግና በለቅሶ ሲሰበሰብ ትውልዱን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ የመሬት ክርክር ሲነሳ ሽማግሌ የአያቱን አያት ስም ጠርቶ ድንበር ያስረዳል። በቀረርቶና በፉከራ የጦር አለቆች ስም ይወሳል፤ በሙሾ የሞቱበት ስፍራ ይጠራል። በአብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የርስት ጉልትና የስጦታ ማስታወሻ ተጽፎ ይገኛል። በሌላ በኩል አካባቢው እንደ ዳና ያሉ የታወቁ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት መገኛ በመሆኑ በዓረብኛ የተጻፉ ጽሑፎችና በቃል የሚዜሙ መንዙማዎች የታሪክ ምንጭ ሆነው ያገለግላሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ የዘር ሐረግ የሚገናኙበት የየጁ ባህል፣ ከሁለት እምነት ቤቶች የተወለዱትን የራስ አሊን ታሪክ ለመረዳት ከማንኛውም መጽሐፍ ያላነሰ ፍንጭ ይሰጣል።

የየጁ ቤት ከአይሻል በኋላም ቢሆን ከኢትዮጵያ ታሪክ መድረክ አልጠፋም። ከራስ ጉግሣ ልጅ ከወይዘሮ ሂሩት ወገን የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል የዳግማዊ ምኒልክ ባለቤት ሆነው በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቻ ጦራቸውን ይዘው ዘምተዋል። ወንድማቸው ራስ ወሌ ብጡልም የዓድዋ ዘማች ከመሆናቸውም በላይ የጁን አስተዳድረዋል። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ስፍራም ከመርሳ በስተደቡብ በዚሁ አውራ ጎዳና ላይ ይገኛል። አንድ ተማሪ ከወልድያ ተነስቶ በመርሳ በኩል እስከ ውጫሌ ቢጓዝ፣ ከዘመነ መሳፍንት አንስቶ እስከ ዓድዋ ዋዜማ ያለውን የአንድ ምዕተ ዓመት ታሪክ በመንገዱ ላይ ያገኛል ማለት ነው።

ይህን ሀብት በጥናት ለመመዝገብ ጥረቶች ተደርገዋል። ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወሎን እስልምና አስመልክቶ ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው መጽሐፋቸው የቃል ትረካንና የአካባቢ ጽሑፎችን ከመዛግብት ጋር አስተያይቶ ለመሥራት አርአያ ሆኗል። በ2004 ዓ.ም. የመማር ማስተማር ሥራውን የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ለአካባቢው ታሪክ የቅርብ የምርምር ተቋም ነው። ሆኖም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በአካባቢው የተካሄደው ጦርነት ዩኒቨርሲቲውን ጨምሮ በበርካታ ተቋማት ላይ ጉዳት አድርሷል። በአንድ ቀን ውስጥ የሚጠፋ መዝገብ እንዳለ ሁሉ፣ ከአንድ አረጋዊ ጋር አብሮ የሚቀበር ታሪክም እንዳለ ይህ ወቅት በግልጽ አስተምሯል።

የሕግ ማዕቀፉን በተመለከተ ክፍተት አለ ለማለት አያስደፍርም። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ጥሏል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት ያላቸውንም ሆነ ግዙፍነት የሌላቸውን ቅርሶች ይሸፍናል። አገሪቱ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ስምምነትም በ1998 ዓ.ም. አጽድቃለች። በእነዚህ ድንጋጌዎች መሠረት የሽማግሌ ትረካ፣ የትውልድ ቆጠራና የቦታ ስም እንደ ሐውልትና እንደ ግንብ ሁሉ ጥበቃ ይገባቸዋል።

ሥራው የሚከናወነው ግን በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ነው። የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ በገበያ ቀን ወይም በዕድር ስብሰባ ላይ ተገኝቶ የአረጋውያንን ትረካ በድምፅ መቅጃ ሊያስቀር፣ የተናጋሪውን ማንነትና ቀኑን ሊመዘግብ ይችላል። የትምህርት ጽሕፈት ቤት ተማሪዎች የአያቶቻቸውን ትውልድና የመንደራቸውን ስም አመጣጥ ጽፈው እንዲያመጡ ቢያደርግ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰፊ ክምችት ይኖረዋል። የመሬት አስተዳደር ሠራተኛ አዲስ መንደር ሲቀይስ የቆየውን የቦታ ስም በሰነዱ ላይ ቢያቆይ፣ የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ መንገድና ድልድይ ሲያሠራ የቀድሞ ሰፈርና መቃብር መኖሩን አስቀድሞ ቢጠይቅ የሚጠፋው ይቀንሳል። አንዱ ትረካ ከሌላው ሲለያይም ሁለቱንም መመዝገብ ይገባል፤ የትኛው ከመዛግብት ጋር እንደሚስማማ መመርመር የተመራማሪው ድርሻ ነው።

ራስ አሊ ከልጅነት እስከ ጉልምስና በሥልጣን ላይ ቢቆዩም አገሪቱን አንድ ማድረግ አልቻሉም። መሳፍንቱን በሥርዓት ከማስገዛት ይልቅ በዝምድናና በምሕረት ይዘው ለመቆየት ሞክረዋል፤ ጊዜውም ከእርሳቸው የበለጠ ቆራጥ ሰው አስነስቶ አልፏቸዋል። ያም ሆኖ የተሸነፈ ሰው ታሪክ የአሸናፊውን ታሪክ ያሟላል። ካሣ ምን እንደ ገነቡ ለመረዳት በአይሻል ምን እንደ ፈረሰ ማወቅ ያስፈልጋል። የፈረሰው ቤት መሠረቱ ያለው በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ሲሆን፣ የዚያ ቤት የመጨረሻው ጌታ ዕድሜያቸውን የጨረሱትም በዚሁ በየጁ ምድር ነው። የመጨረሻ ዓመታቸውን ትረካ ከአባቶቻቸው የሰሙ አረጋውያን ቃል በወረቀትና በድምፅ ሊሰፍር የሚገባውም ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ነው።